መጋዝ የያዘው ሰው

የአባቴ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት ላድሳት ብዬ ተነሳሁና የኋላውን መቀመጫ አነሳሁት። በቀኝ በኩል ወለሉ የለም፤ ሣሩ ይታያል። ቮልስ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ ባትሪዋ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አሲዱ እየተንጠባጠበ መጀመሪያ የሚበላውም ያንኑ ጥግ ነው።

ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ፎቶውን ሲያይ ወዲያው ደወለ። «ፕላዝማ መቁረጫ ልላክልህ። በአንድ ቅዳሜ ወለሉን ገንጥለህ ትጥለዋለህ» አለኝ። በዚያው ማሽን መምረጥ ጀመርኩ፤ ምርጫው ሳላስበው ሌላ ጥያቄ ውስጥ ከተተኝ።

ማሽኑ እንዲህ ነው የሚሠራው። የታመቀ አየር በጠባብ አፍንጫ ይወጣል፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አየሩን እስከ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ያግለውና ፕላዝማ ያደርገዋል። ብረቱ ይቀልጣል፣ ግፊቱ ቅላጩን ጠርጎ ይጥለዋል። በግራይንደር ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አምፔር ነው?» ብሎ ነው። የእኔም ዓይን 60 አምፔሩ ላይ ቀረ። ግን የመኪና ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለሱ ከ20 እስከ 30 አምፔር ይበቃል፤ 40 አምፔሩ እኮ 10 ሚሊ ሜትር ብረት ይቆርጣል። ታዲያ 60 ምን ይሠራልኛል? ያው፣ ጉልበት ያምራል።

ቁም ነገሩ ያለው አሰልቺ ጥያቄዎች ውስጥ ነው። በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የእኛን 220 አይችልም። ትንሹ ማሽን እንኳ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ አየር ስለሚፈልግ የጎማ መንፊያዋ ኮምፕሬሰር አትበቃውም። አየሩ እርጥበት ካለው አፍንጫው ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅ ደግሞ መርካቶ ይገኛል ወይ? የሥራ ዑደቱ 60 በመቶ ነው ከተባለ፣ ከ10 ደቂቃ 6ቱን ቆርጦ 4ቱን ያርፋል። ለማሽኑ እንኳ እረፍት ተጽፎለታል።

የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ጽፏል። አቴናውያን የበሰበሰውን እንጨት እያነሱ በአዲስ ሲተኩ ኖሩ፤ ፈላስፎችም «መርከቧ ያችው ናት ወይስ ሌላ?» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ግን አናጢውን አያነሳውም። የትኛው እንጨት በሰበሰ፣ የትኛው ገና ይቆያል ብሎ የሚወስነው እኮ እሱ ነው። መሣሪያው እንደ ልቡ ቢፈጥንለት ኖሮ ስንት ጤነኛ እንጨት አብሮ ይሄድ ነበር?

በእጅ መጋዝ ስትቆርጡ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ክንዳችሁን ያስከፍላችኋል፤ ስለዚህ በየመሀሉ ቆም ትላላችሁ። ብረቱን ከማዳን ይልቅ መቁረጥ ሲቀል ግን ጤነኛውም ዝገት መምሰል ይጀምራል። መሣሪያው ይህን አላደረገም፤ እኔን ከመጠየቅ ብቻ ነው ያሳረፈኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተቆረጠ ላሜራ ግን አይለቀምም።

ነገሩ የከበደኝ በሹፌሩ እግር ሥር ነው። እዚያ አባቴ በእጁ የለጠፈው ላሜራ አለ። ከምናለሽ ተራ ገዝቶ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ነው የገጠመው፤ የመዶሻው ጠባሳ እስካሁን ይታያል። ወንድሜ «ያንንም አንሳውና ፋብሪካው እንደሠራት ትሁን» አለኝ። እኔ ደግሞ አልቆርጥም አልኩ። ፋብሪካው ከሠራው ወለል የአባቴ እጅ ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ ራሴን አመስግኜ ልጨርስ ነበር። ግን አንድ ባትላሜራ ጠርቼ አሳየሁት። በመፍቻ ጀርባ ወለሉን እያንኳኳ አዳመጠ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይሞታል። አባቴ የለጠፈው ጋ ሲደርስ ድምፁ ሞተ። ልጣፉ ሥር ውኃ ታቁሮ ዙሪያውን በልቶታል። መቀመጫውን የሚሸከመው ይህ ወለል ነው። በፍቅር ስም እዚያ ላይ ስቱኮ ብለቀልቅ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው መዋሸት ይሆናል። የወንድሜ ችኮላም የእኔ ስስትም አንድ ዓይነት ስንፍና ነበሩ፤ ሁለታችንም ብረቱን ሳናይ ወስነን ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። እንዳይከፋው ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ አቋረጠኝ። «እኔ እኮ ያኔ ለአንድ ክረምት ይሁነኝ ብዬ ነው የለጠፍኩት!» አለና ሳቀ።

ለአንድ ክረምት! እኔ ቅርስ አድርጌው ሳምንታት ስብሰለሰል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ሳሎን ቁጭ ብሎ ነበር፤ የጠየቀው የለም።

በመጨረሻ 30 አምፔር፣ በ220 ቮልት የሚሠራውን ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ባትሪውን ፈትቼ፣ ቤንዚን ታንኩን አውርጄ፣ መነጽሬን አድርጌ ልጀምር ስል አባቴ ወንበር ይዞ መጣ። መሀል ለመሀል የሚያልፈውን ጉብታ በከዘራው ነካ አደረገው።

«ከዚህ ራቅ በል። የቤንዚኑ ቱቦ የሚያልፈው በዚህ ውስጥ ነው» አለኝ።

ማሽኑን አጥፍቼ ጠመኔ አመጣሁ። እሱ እየነገረኝ እኔ አሰመርኩ።