343ቱ ቀናት የት ዋሉ?

ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የሰፈሩ ልጆች በዝናቡ ሊጠመቁ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ እኔ መስኮቱ ሥር ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ከመስከረም 1 ወዲህ 362 ቀናት አልፈዋል። ከእነዚህ ስንቱን አስታውሳለሁ? ደንቤ አንድ ነው፦ ማለዳው ወይም ምሽቱ ዓይኔ ላይ ካልመጣ ቀኑ አይጻፍም። ብዙ ታገልኩ። የተጻፈው 19 ቀን ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አለካኬን ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀኑንና ሌሊቱን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮሱ 60 ካልዒት አለው፤ አንዱ ካልዒት 24 ሰከንድ መሆኑ ነው። በዚያም አላበቁም፤ ሣልሲት፣ ራብዒት እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጊዜን እንዲህ አድቅቆ ማየት ይገርመኛል፤ እኔም እንደነሱ ባየው አይጠፋብኝ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሙሉ ኬክሮስ ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። አቤት ርዝመቱ! ማታ ግን ያን ሰልፍ ላስታውስ ብል፣ ከፊቴ የቆመውን ሰው ልብስ ቀለም እንኳ አጣሁት።

ለካ ጊዜ ሁለት ርዝመት አለው፦ ሲያልፍ አንድ፣ ሲታወስ ሌላ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይህንኑ አስተውሏል፤ ባዶ ሰዓት ሲያልፍ ይጎተታል፣ ዞረው ሲያዩት ግን ያጥራል። ስለዚህ መለካቱ አልጠቀመኝም።

ታዲያ ስም መስጠት ይሻል ይሆን? እናቴ ቀንን በቁጥር አትጠራም ነበር። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም ናቸው፤ ቀጠሮዋም ዕዳዋም «ለገብርኤል ማግስት» ነው። ስም ያለው ቀን አይጠፋም ብዬ ልደመድም ስል፣ አደይ አበባ በፈካ ቁጥር «ዓመቱ እንዴት ሮጠ!» ትል የነበረችውም እሷው መሆኗ ትዝ አለኝ።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የተረሳ ቀን ያልተኖረ ቀን ነው? እናቴ ቡና ስታፈላ ካየኋቸው ጠዋቶች አንዱን ነጥዬ ይህ ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን ጀበናውን ስታዘነብል አንጓዋ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አቦሉን ለማን እንደምታስቀድም ዛሬም አያለሁ። ይህን ያሳየኝ አንድ ጠዋት አይደለም፤ የተረሱት ጠዋቶች ተደራርበው ነው። ደንቤ ቀን የሌለውን ትዝታ ሁሉ ከቆጠራ አውጥቶት ኖሯል።

ይህ ሐሳብ አጽናናኝ፤ ፈጥኖ ስላጽናናኝም ጠረጠርኩት። የተረሳ ቀን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ትቶ ያልፋል? ስልኬ ላይ አፍጥጬ ያመሸሁባቸው ምሽቶች ምን ተዉልኝ? ብፈልግ ብፈልግ አንድም የለም። እነሱን ጠፍተዋል ከማለት በቀር ቃል የለኝም፤ ሳስባቸው ልቤ ያዝናል።

ጳጉሜ 5 ማታ ታላቅ እህቴ ለበዓሉ መጣች። ወረቀቱን አንስታ አነበበችና፣ «የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት የለችም እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ነበረ?»

«ሐኪም ቤት አብረኸኝ የዋልክባት ቀን ናት እንጂ! ውጤቱን ስንጠብቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአጠገቤ አልተነሳህም። ነጠላዬ በተንሸራተተ ቁጥር ትከሻዬ ላይ ትመልስልኝ ነበር። ዓመቱን በሙሉ ብረሳ እሷን አልረሳም።»

ቀስ በቀስ አንድ አግዳሚ ወንበር ትዝ አለኝ፤ ሌላ ምንም። ለእኔ መጠበቅ ብቻ ነበረና እንደ ታክሲው ሰልፍ ተጠቅልሎ ጠፍቶብኛል። እሷ ግን ቀኑን ከነነጠላው ይዛው ከርማለች። ከቀሩት 342 ቀናት ስንቱ እንዲህ በሰው ዘንድ ተቀምጦልኝ ይሆን? ከ19ኙ ሥር «ታኅሣሥ 20» ብዬ ጻፍኩና፣ ከማለዳው ጀምራ እንድትነግረኝ ለመንኳት።