የሙታን መታሰቢያና የሕያዋን ድርሻ

ሰው ሲሞት ሁለት ዐይነት ዕዳ ይተዋል። አንደኛው እርሱ ለሌላው ሳይከፍል የቀረው ገንዘብ ነው፤ ይህን ወራሹ ይከፍላል። ሁለተኛው ግን እኛ ለእርሱ ሳንከፍለው የቀረነው የፍቅርና የውለታ ዕዳ ነው። ይህን ለመክፈል ብንነሣ ተቀባዩ የለም። ስለዚህ በየአገሩ ያለው ሕዝብ እንደየልማዱ በሟቹ ፈንታ ቆሞ «ደርሶኛል» የሚል ሌላ ተቀባይ ሲፈልግ ኖሯል። በእኛ አገር ተዝካር የሚወጣው ስለዚህ ነው፤ ለሟቹ ልናጎርሰው የማንችለውን እንጀራ ድኻው ይበላልናል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞችም የዚህ ወንድም የሆነ አንድ ልማድ አለ። በቀን ሥራቸው ሐኪም፣ አስተማሪ፣ አናጢ ወይም የባንክ ጸሐፊ የሆኑ ሰዎች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ቫዮሊንና ዋሽንት፣ መለከትና ከበሮ ያጠናሉ። ደመወዝ የላቸውም። እንዲህ ያለው የሰፈር ኦርኬስትራ በዓመት አንድ ቀን፣ በሞት የተለየውን ጓደኛ ወይም ማኅበሩን ያቋቋመውን ሰው ስም በማስታወቂያ ላይ ጽፎ የመታሰቢያ ኮንሰርት ያደርጋል፤ ከመግቢያው የተገኘውም ገንዘብ ለሕሙማን፣ ለድኻ ተማሪዎች ወይም ለሙት ልጆች ይውላል።

አስተዋይ ሰው ስለዚህ ነገር ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ፊተኛው፦ በሟች ስም ተሰብስቦ ደስ መሰኘት ይገባልን? ሁለተኛው፦ ገንዘቡን ሰጥቶ በልዋጩ ጥዑም ዜማ የሰማ ሰው መጸወተ ይባላልን ወይስ ገዛ? ምጽዋት ማለት ምላሽ ሳይጠብቁ መስጠት ከሆነ፣ ይህ ሰው ምላሹን እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ተቀብሏል። ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በተዝካራችንም ላይ ይህንኑ ሲሉ የኖሩ አሉ። ጠጁን የሚጠጣው ዘመድና ጎረቤት ነው፤ ድኻው በደጅ ተቀምጦ የተረፈውን ይጠብቃል፤ ባለ ኀዘኑም በሬውን ሸጦ ባለ ዕዳ ይሆናል ይላሉ። ነቀፌታው እውነት ያለበት ስለ ሆነ በቸልታ ልናልፈው አይገባንም።

ለመፍረድ እንዲያመቸን የታወቀ ምሳሌ እናንሣ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1742 ዓመት ሚያዝያ 13 ቀን፣ ጌዎርግ ፍሪድሪክ ሄንደል የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ «መሢሕ» የተባለውን ድርሰቱን በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። ገቢው ለሦስት ነገር እንዲከፈል አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ለሁለት የድኾች ሐኪም ቤቶችና በዕዳ ምክንያት ለታሰሩ ሰዎች። ከዚያ አንድ ቀን ከተገኘው ገንዘብ በደረሳቸው ድርሻ 142 እስረኞች ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ከወህኒ ወጡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። አዳራሹ የሚይዘው 600 ሰው ያህል ነበር። ስለዚህ ወይዛዝርት ቀሚስ የሚያስፋውን ቀለበት ሳያደርጉ፣ ጌቶችም ሰይፍ ሳይታጠቁ እንዲመጡ በጋዜጣ ተለመኑ፤ ሰውም ልመናውን ሰምቶ እስከ 700 ሆኖ ገባ። የዚያን ዘመን ሰው ቀሚሱና ሰይፉ ማዕረጉ ነበረ። ማዕረጉን እቤቱ ትቶ ሲመጣ ለባልንጀራው ቦታ ተገኘ፤ ባልንጀራው በከፈለውም ገንዘብ የታሰረው ተፈታ። በጎ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የገንዘብ እጥረት ስላለ አይደለም፤ ክብራችን ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ነው።

ሄንደል በለንደንም ይህንኑ ሥራ ቀጠለ። በዚያ ከተማ ቶማስ ኮራም የተባለ የመርከብ አዛዥ በየመንገዱ ተጥለው የሚሞቱትን ሕፃናት አይቶ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ደጅ ከጠና በኋላ በ1739 ዓመት የንጉሡን ፈቃድ አግኝቶ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁሞ ነበር። ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ሕፃናት ይዘው የሚመጡት እናቶች እጅግ በዙ። ቦታና ገንዘብ ስላልበቃ በዕጣ ይለዩ ጀመር። እናቲቱ እጅዋን ከከረጢት ውስጥ ከታ ኳስ ታወጣለች። ነጭ ከወጣላት ልጅዋ ይገባል፤ ቀይ ከወጣላት ተራ ትጠብቃለች፤ ጥቁር ከወጣላት ልጅዋን ታቅፋ ትመለሳለች። አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ከረጢት አጠገብ የቆመችውን እናት በሐሳብህ ተመልከት። ስለ ምጽዋት ንጽሕና የምንከራከረው እኛ ነን፤ ለእርስዋ ግን ነገሩ ሁሉ የኳሱ ቀለም ነበረ።

በ1750 ዓመት ሄንደል «መሢሕ»ን በማሳደጊያው ጸሎት ቤት አሰማ። ቦታ አጥቶ የተመለሰው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ይደረግ ጀመር፤ ዐይኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ አልተወውም። እስኪሞት ድረስ ከዚህ የተገኘው ገንዘብ ወደ 7000 ፓውንድ ይጠጋ ነበር። ይህም በዚያን ጊዜ ታላቅ ሀብት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወደዚያ ጸሎት ቤት የገባው ሰው ገዛ ወይስ መጸወተ? እኔ እንደሚመስለኝ ገዝቷል ብንልም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ለተቀባዩ የሚሻለው ይህ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ምጽዋት ሁለት በሽታ አለበት። አንደኛው የሰጪው ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛው የተቀባዩ ኀፍረት ነው። ሁለቱም አብረው ይወለዳሉ፤ አንዱ ሲያድግ ሌላውም ያድጋል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ባለጸጋ ለአንድ ትምህርት ቤት ድኻ ልጆች ደብተርና ልብስ አምጥቶ፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት የልጆቹ ስም እየተጠራ እንዲሰጣቸው ሲደረግ አይቻለሁ። አንድ ልጅ ግን ስሙ ሦስት ጊዜ ሲጠራ እንዳልሰማ ሆኖ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ደብተር አጥቶ በባልንጀራው ደብተር ጠርዝ ላይ ይጽፍ የነበረ ልጅ ነው። ያን ቀን ደብተሩን ከመውሰድ ድኽነቱን መረጠ። እኔ ይህን ልጅ አልነቅፈውም። ሰጪው ቸር ነበረ፤ ነገር ግን የስጦታውን ዋጋ ከልጁ ፊት ላይ ሊቀበል ፈለገ።

አሁን በሟች ስም የሚሰጠውን ስጦታ ከዚህ ጋር እናነጻጽር። የኦርኬስትራው ሙዚቀኛ ለጓደኛው መታሰቢያ ተጫወተ እንጂ ለድኻው ቸርነት አደረግሁ አይልም። አድማጩም ለገንዘቡ ዜማ ስለ ተቀበለ ምስጋና የሚጠይቅበት መብት የለውም። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ስም የሟቹ ነው፤ ሟቹ ደግሞ ተቀባዩን ቁልቁል አያየውም። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ተቸገረው ሲደርስ ከበላዩ የሚቆም ጌታ የለውም። ተቀባዩም ቀና ብሎ ይቀበላል።

አባቶቻችን ይህን ምስጢር ያውቁት ነበር። በተዝካር ቀን ድኻው በልቶ ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ይላል። ይህች ቃል ትንሽ አይደለችም። ድኻው በዚያች ቃል የበላበትን ከፈለ ማለት ነው፤ ባለ ኀዘኑም «አሜን» ሲል እርሱ በተራው ተቀባይ ሆነ። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይጠፋል። ምጽዋት ከፍ ወዳለው ደረጃ ደረሰ የሚባለው ይህ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ነው። ባለጸጋው በልግስናው ሳይኮራ፣ ድኻውም በችግሩ ሳያፍር፣ ሁለቱ በአንድ የቀረ ሰው ምክንያት ይገናኛሉ።

በመታሰቢያ ቀን ደስ መሰኘት ይገባልን ለሚለውም መልሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደስታ መታሰቢያን አያረክሰውም፤ የሚያረክሰው ሟቹ ተረስቶ ደስታው ብቻ ሲቀር ነው። ማጨብጨብና ማሰብ አንድ አይደሉም። ኪች የሚባል ኦቦ ነፊ በለንደን እጅግ የተደነቀ ሙዚቀኛ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ፣ እንደሚተረከው፣ ጥቂት ሙዚቀኞች በመንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ልጆች አይተው የማን እንደ ሆኑ ቢጠይቁ የኪች ልጆች ሆነው ተገኙ። ለአባታቸው ያጨበጨበው ሕዝብ ብዙ ነበረ፤ ልጆቹን ያሰበ ግን አልነበረም። ከዚህ የተነሣ በ1738 ዓመት የተቸገሩ ሙዚቀኞችንና ቤተ ሰቦቻቸውን የሚረዳ ማኅበር ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሄንደል ነበር፤ በኑዛዜውም 1000 ፓውንድ ተወለት።

ሄንደል የሞተው በ1759 ዓመት ሚያዝያ 14 ቀን ነው። ለማሳደጊያው የሚደረገው የዓመቱ «መሢሕ» ቀኑ አስቀድሞ ተቈርጦ ነበርና፣ ጌታው ቢሞትም ግንቦት 3 ቀን ተደረገ። በየዓመቱ ለሕፃናት ይደረግ የነበረው ያው ዜማ ሳይለወጥ ለራሱ መታሰቢያ ሆነ። ሄንደል የድርሰቱን ግልባጭ ለማሳደጊያው ተናዝዞ ስለ ነበረ፣ ሥራው ከሞተ በኋላም እስከ 1777 ዓመት ድረስ በየዓመቱ ቀጠለ። ለሟች ከሚደረግለት መታሰቢያ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል፤ እርሱ የጀመረው በጎ ሥራ እርሱ በሌለበት ሳይቋረጥ ሲገኝ።

ነገር ግን መልካም አሳብ ብቻውን አይበቃም። ከ1756 እስከ 1760 ዓመት መንግሥት ለዚያው ማሳደጊያ ገንዘብ ሰጥቶ፣ ዕጣው ቀርቶ የመጣው ሕፃን ሁሉ ይግባ ተባለ። ወደ 15000 የሚጠጉ ሕፃናት ገቡ። የሚያጠባና የሚጠብቅ ስላልተዘጋጀላቸው ከሦስት እጅ ሁለቱ እንኳ ሳያድጉ ሞቱ። ከዚህ የምንማረው ገንዘብ መሰብሰብ የምጽዋት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ በሟች ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር ሁሉ ምን ያህል እንደ ገባ፣ ለአዳራሹና ለመስተንግዶው ምን ያህል እንደ ወጣ፣ ለተቸገረውም ምን ያህል እንደ ደረሰ በግልጽ ሊያስታውቅ ይገባዋል። ግብዣው ምጽዋቱን ከበላው፣ በሟቹ ስም ሕያዋን ተቀለቡበት ማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ከሩቅ ሆነን የምንፈርድ አይደለንም። በ1977 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ከተሞች ብዙ ሺህ ሕዝብ የተሰበሰበበት ኮንሰርት በረኃብ ላለቀው ወገናችን ሲደረግ፣ እኛ በተቀባዩ ወገን ነበርን። ያን ጊዜ ወጣት የነበርን ሰዎች ለእህሉ ምስጋና፣ በዓለም ፊት ለታየው ለወገናችን ገመና ደግሞ ኀዘን በአንድ ላይ ተሰምቶናል። ለጋሾቹን አንወቅስም፤ የተራበ ሰው በልቷልና። ነገር ግን የተራበው ፊቱ በየቴሌቪዥኑ ሲታይ ስሙን የጠየቀው ጥቂት ነበረ። ከዚህ የተነሣ አንድ ሥርዓት ማስቀመጥ ይቻላል። በመታሰቢያ ቀን የሟቹ ስም ይጠራ፤ የተቸገረው ፊት ግን ይሰወር። የሟቹ ስም ለተቀባዩ መሸፈኛ ጋቢ ይሁንለት።

ደግሞም ታላቁ ኮንሰርት የአንድ ቀን ነገር ነበረ። የሰፈሩ ኦርኬስትራ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዓመት የሚጫወተው ኀዘኑ ነው፤ ዕንባው ገና አልደረቀምና አዳራሹ ይሞላል። በዐሥረኛው ዓመት ግን ኀዘኑ በርዷል፤ ከሙዚቀኞቹም ብዙዎቹ ሟቹን በዐይናቸው አላዩትም። ያን ጊዜ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ቫዮሊኑን አንሥቶ ለማያውቀው ሟችና ለማያውቀው ድኻ ሲያጠና ፍቅር ወደ ግዴታ ተለውጧል። ሰዎች ይህን እንደ መቀዝቀዝ ይቈጥሩታል። እኔ ግን መብሰል ነው እላለሁ፤ ስሜት የጀመረውን ግዴታ ካልተረከበው ሕፃኑን የሚያሳድገው የለምና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ወዳጅ የሞተበት ሰውም ኀዘኑን ብቻውን ከያዘው ይከብደዋል፤ ከሌሎች ጋር ሆኖ ወደ አንድ የተቸገረ ሰው ቤት ካደረሰው ግን ይቀልለታል። መንገዱ ዜማ ይሁን ወይም እንጀራ፣ የዕድር መዋጮ ይሁን ወይም ለአንድ ተማሪ የሚከፈል የትምህርት ቤት ወጪ ልዩነት የለውም። እንግዲህ የምትወደው ሰው የሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ እርሱ ምን ልናገር ብለህ አትጨነቅ። እርሱ በሕይወቱ ሳለ ለማን ያዝን እንደ ነበረ አስብ፤ ሄደህም ያን ሰው በእርሱ ስም ጠይቀው። ከዚያ የሚሰጥህን «ነፍስ ይማር» ራስህን ዝቅ አድርገህ ተቀበል።