ክረምት ሳይገባ መንገዱን እንጥረግ

የላስታ የእግር መንገድ የሚሞተው በክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ሰውና አህያ ረግጠው ዝቅ ያደረጉትን መሬት ያገኝና በዚያው ይነጉዳል። አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ድንጋዩን አግጥጦ ይተወዋል። መስከረም ሲጠባ መንገዱ ቦረቦር ሆኗል። መንገደኛው ቦረቦሩን ሸሽቶ በዳር በኩል፣ በገብስ ማሳ ወይም በጓሳው ላይ፣ አዲስ ዱካ ያወጣል። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ያንንም ዱካ ያገኘዋል። አንድ የነበረው መንገድ ሦስት አራት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ግጦሹም ማሳውም አብሮ ይጎዳል።

ይህን ጉዳት ማስቆም ይቻላል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መንገዱ የእኔ ነው የሚል ሰው ነው።

የምናወራው ስለ ትንሽ ነገር አይደለም። ላሊበላ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ግን ምእመናኑን ወደ ላሊበላ ያደረሳቸው የእግር መንገዱ ነው። ዛሬም የገና ሰሞን ከሩቅ አገር ቀናት ተጉዘው፣ ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው፣ የሚመጡ አሉ። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው አቀበት፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚወስደው ጎዳና፣ ተራራውን አቋርጦ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የሚያደርሰው የበቅሎ መንገድ የቅርሱ አካል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ይምርሐነ ክርስቶስ ዛሬ በመኪናም ይደረሳል። በእግሩ የሄደ ሰው ግን የዛጉዌ ነገሥታት ለምን ይህን ምድር እንደ መረጡ በዓይኑ ያየዋል።

ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደግሞ የመቄት አምባ አለ። በዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ገበሬውን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አደረገው። ጎጆውን የሠራው፣ ምግቡን የሚያበስለው፣ ጓዙን በአህያ የሚጭነው የአካባቢው ሰው ነው፤ ገቢውም በአብዛኛው ለማኅበራቸው ነው። እንግዳው ከገደሉ አፋፍ ላይ አድሮ በማግሥቱ ወደሚቀጥለው ማረፊያ በእግሩ ይጓዛል። እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ የሚሸጠው ዋናው ዕቃ መንገዱ ነው። መንገዱ ከተበላሸ ጎጆው ብቻውን እንግዳ አይጠራም።

በሌላው ዓለም ሰዎች ለእግር መንገድ ምን ያህል እንደሚደክሙ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ባቡር የተወው የኤልሮይና የስፓርታ መስመር ሐዲዱ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሦስት ዋሻዎች ውስጥ ያልፋል። የዋሻዎቹ በሮች ውርጩ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቀው የአገሩ የብርድ ወራት በመጣ ቁጥር ይዘጋሉ። በዚያ አገር እንዲህ ያሉ መንገዶችን በመጠበቅ በጎ ፈቃደኞችም ይሳተፋሉ። በእኛ በኩል ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታሰበው ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም፤ ላስታ ተራራ ላይም ሐዲድ ወጥቶ አያውቅም። እነርሱ ባቡር የተወውን መስመር እንዲህ ከተንከባከቡ፣ እኛ አባቶቻችን በእግራቸው ያቀኑትንና ዛሬም የምንኖርበትን መንገድ ችላ የምንልበት ምክንያት የለንም።

ጥገናውን እንየው። የላስታ ገበሬ ውሃን መግራት ያውቅበታል። ማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ይመልሳል። ለመንገዱም የሚያስፈልገው ይኸው ዕውቀት ነው። ውሃው በመንገዱ ላይ ብዙ ርቀት ሳይሮጥ ወደ ጎን መውጣት አለበት። ለዚህም ትልልቅ ድንጋይ መንገዱን በሰያፍ እንዲያቋርጥ ተደርጎ ይቀበራል፤ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ገብቶ ጥቂቱ ብቻ ብቅ ይላል። ጎርፉ ድንጋዩን ሲመታ አቅጣጫውን ይቀይርና በታችኛው ዳር ይፈስሳል። አቀበቱ በጠና ቁጥር ረድፎቹ መቀራረብ አለባቸው። ውሃው በሚወጣበት አፍ ላይ ጠጠርና ድንጋይ ካልተነጠፈ ግን እዚያው አዲስ ቦረቦር ይጀምራል። ውሃውን ወደ ሰው ማሳ መልቀቅም ጠብ ያመጣል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ከመቀበሩ በፊት ከባለ ማሳው ጋር መነጋገር ይገባል። ደረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ የሚነቃነቅ ድንጋይ አይኑር። በቅሎ አንድ ጊዜ ካንሸራተታት በዚያ ቦታ እንደገና አታልፍም፤ ዳር ዳሩን ትሄዳለች፤ ሰውም ይከተላታል።

ትልቁ ሥራ አንዴ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው መጥረግ ነው። በደለል የተደፈነ ማፋሰሻ ካልተሠራው አይሻልም። በበጋ የተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ሕዝቡ መቆፈሪያውንና አካፋውን ይዞ ለቀናት ተራራ ላይ ይውላል። ከእነዚያ ቀናት አንዷ ለመንገዱ ብትሰጥ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ መንደር ከደጁ እስከ ጎረቤቱ ወሰን ያለውን ክፍል በጅጌ ቢጠርግ፣ ክረምቱ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። አጥቢያ ለአጥቢያ ድርሻ ይከፈል። ሁሉም ይሠራዋል የተባለውን ሥራ ማንም አይሠራውም።

ለገበሬው ወንድሜ አንድ ከባድ ነገር ልናገር። መንገድ መግፋት ይቅር። በዓመት አንድ ፈር ወደ መንገዱ መጨመር ጥቂት ይመስላል፤ መሬት እንደ ጠበበና ልጅ እንደ በዛም አውቃለሁ። ነገር ግን የተገፋው መንገድ ሁለት ጭነት አህያ የማያሳልፍ ሲሆን መንገደኛው ያንተው ማሳ ውስጥ ይገባል። የረገጠብህ እህል ከጨመርከው ፈር ይበልጣል። ወሰኑ በሽማግሌ ፊት ተለክቶ፣ ድንጋይ ተተክሎበት፣ ለሁለቱም ወገን ቢታወቅ መልካም ነው።

መንገደኛውም የራሱ ዕዳ አለበት። ጠመዝማዛውን መንገድ ትቶ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ጎበዝ የሚመስለው አለ። ያ አቋራጭ ጎርፉ የሚፈልገው ቦይ ነው። ጭቃ ሲሆን በመሐል እለፉ፤ ጫማ ይታጠባል፣ ሣሩ ግን በቶሎ አይመለስም። ከአዲስ አበባ የምትመጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች፣ በርከት ብላችሁ ስለምትሄዱ የእናንተ ጥፋትም ልማትም ይበዛል። የያዛችሁትን የሃይላንድ ፕላስቲክ ይዛችሁት ተመለሱ። አቡነ ዮሴፍ ላይ የሚጣል ቆሻሻ ሰብሳቢ የለውም፤ ላምና በግ ይበሉታል። አስታውን ለእሳት አትቁረጡ። ውሻ አታስከትሉ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ እዚህ ተራራ ላይ ይኖራሉ፣ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አንድን መንጋ በጥቂት ሳምንት ሊጨርስ ይችላል።

ስለ ልጆቹ ደግሞ ልብ በሉ። መንገድ ዳር ቆሞ ለሚለምን ልጅ ብር ወይም ብዕር መስጠት ደግነት ይመስላል። በማግሥቱ ግን ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይሆን መንገድ ዳር ይውላል፤ ታናሹንም ያመጣል። መርዳት የፈለገ በትምህርት ቤቱ ወይም በማኅበሩ በኩል ይርዳ። ከልጁ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ፣ ስሙን መጠየቅ፣ የዛፉን ስም እንዲነግራችሁ ማድረግ ይበቃል፤ እርሱም ይኮራበታል።

ለገና የሚመጡትን ምእመናን በተመለከተ ካህናቱ ቢናገሩ ከማንኛችንም በላይ ይሰማሉ። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ የጠርሙስ ስባሪና ቆርቆሮ መጣል ነውር እንደ ሆነ ከዐውደ ምሕረት ቢነገር፣ የሰበካ ጉባኤው ወጣት ከበዓሉ በኋላ ወጥቶ ቢለቅም፣ በዓሉ በንጽሕና ይፈጸማል። አስጎብኚዎችም መንገዱን በየቀኑ ስለምትሄዱበት ጉዳቱን ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። የወደቀ ድንጋይ ስታዩ አንሡት፤ ብቻችሁን የማትችሉትን ለቀበሌው ንገሩ።

በኮሮናው ዘመን፣ ከዚያም በጦርነቱ እንግዳ ቀረ፤ ጎጆዎች ባዶ ዋሉ። ያልተረገጠ መንገድ ይታረሳል፣ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አንድ አንድ እያሉ ያልፋሉ። ሰላም ሙሉ ሲሆን እንጀምራለን ብሎ መቀመጥ መንገዱን ያጠፋዋል። ሊጓዝ ያሰበ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የአካባቢውን ሰውና ቀበሌውን ስለ ጸጥታው ይጠይቅ፤ አትሂድ ካሉት ይቅር። ጥገናው ግን እንግዳ አይጠብቅም፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ትምህርት ቤት የምንሄድበት ራሱ መንገዱ ነው። የላስታና የመቄት ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ግንቦት ሳይወጣ እያንዳንዱ አጥቢያ ድርሻውን ይውሰድና ማፋሰሻውን ይክፈት።