ጉድጓዱን ማን ይጠርገዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አብርሃም ያስቆፈራቸውን የውሃ ጉድጓዶች ጠላቶች በአፈር ቢደፍኗቸው ልጁ ይስሐቅ እንደገና እንዳስቆፈራቸው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንማራለን።

ዛሬም ለሰው ልጆች ውሃ የሚያወጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራቸው ከበርናርድ አማዴይ ጋር ቤሊዝ ወደምትባል አገር ሄደው ለሳን ፓብሎ መንደር ውሃ አስገቡ። በዚያ ሴቶች ሕፃናት ውሃ ሲያመላልሱ ከትምህርት ይቀሩ ነበር። በ2002ም «ድንበር የለሽ መሐንዲሶች» የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ተመሠረተ። መልካም ሥራ ነው። እንግዳ ግን ወደ አገሩ ይመለሳል። የፓምፑ ጎሚኒ ሲበላ ማን ይቀይረዋል?

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከነገሌያችን ወደ ደቡብ ምዕራብ በዱብሉቅ፣ በቦረና የቱላ ጉድጓዶች፣ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ በዜማ ይቀዳሉ። ጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ የዕለቱን ተራ አባ ሄሬጋ ይጠብቃል፤ ደለል ሲሞላም ተጠራርተው ይጠርጋሉ። ለብዙ ትውልድ ያገለገሉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እንግዳው እንደ አብርሃም ቢቆፍር እኛ እንደ ይስሐቅ እንሁን። በየትምህርት ቤቱ መፍቻ ይዞ ፓምፕ የሚጠግን ወጣት ካልተገኘ እኅቶቻችን ደብተራቸውን ዘግተው ዳግመኛ ጀሪካን ይሸከማሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።