ስለ ዶሮ ቤትና ስለ ጠባቂው ዕዳ

እግዚአብሔር ሰውን በፈጠረው ጊዜ በምድር አራዊትና በሰማይ አዕዋፍ ላይ አሠልጥኖታል። ነገር ግን ሥልጣን ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው የወንበዴ፥ ሁለተኛው የመጋቢ ነው። ወንበዴ ያገኘውን ይወስዳል እንጂ ስለ ወሰደው ነገር አያስብም። መጋቢ ግን ከሚጠብቀው ቢበላም ሒሳብ እንዳለበት ያውቃል። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋራ መውሰድ፥ በ25ኛውም ምዕራፍ የሚያበራየውን በሬ አፍ ማሰር መከልከሉ ይህን ሊያስተምር ነው። እንግዲህ እንቍላሏን ዕለት ዕለት የምትሰጥ ዶሮ ከባለቤቷ ዘንድ ምን ይገባታል? ብሎ መጠየቅ የሕፃን ጥያቄ አይደለም።

በአውሮፓ ከ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ጀምሮ እንቍላል ጣይ ዶሮዎችን ደርብ በደርብ በተሠራ የሽቦ ሣጥን ውስጥ ማኖር እየተስፋፋ ሄደ። የዚህም ምክንያቱ ክፋት ብቻ አልነበረም፤ ዶሮዋ ከኩሷ ስለምትለይ የሆድ ትል ይቀንስላታል፥ እንቍላሉ ንጹሕ ይሆናል፥ ዋጋውም ስለሚረክስ ድኻው ይገዛዋል። ዳሩ ግን ክንፏን መዘርጋት፥ በዐፈር መታጠብ፥ በቆጥ ላይ ማደር፥ እንቍላሏን የምትጥልበትን ስውር ቦታ መፈለግ ተከለከለች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሩት ሐሪሰን የምትባል እንግሊዛዊት ይህን አኗኗር የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተመች። በማግሥቱም ዓመት በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ የመንግሥት ጉባኤ እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፥ ለመተኛት፥ ለመዞር፥ ገላውን ለማጽዳትና አካሉን ለመዘርጋት የሚበቃ ስፍራ ይገባዋል ብሎ ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1999 ባወጣው ሕግ ባዶውን የሽቦ ሣጥን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ከለከለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንዲት ዶሮ የተወሰነው ስፍራ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር፥ ማለት ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያነሰ ነበር።

ኦርጋኒክ የሚባለው አረባብ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በኅብረቱ ሕግ በቤት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከ6 ዶሮ በላይ አይኖርም፤ በውጭም ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር መሰማሪያ ይሰጣታል። ነገር ግን በሩ በተከፈተ ጊዜ ሌላ ፈተና ይገባል። ቀበሮና ጭልፊት ይነጥቃሉ፤ ከረጠበው መስክ የሆድ ትል ይመጣል፤ ይልቁንም ዶሮዎቹ እርስ በርሳቸው ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ፥ ደም የታየባትንም እስከ ሞት ይነቍሯታል። ይህ ክፉ ልማድ በሽቦው ሣጥን ውስጥ በጥቂቶች መካከል ተወስኖ ይቀር ነበር፤ በብዙ መንጋ ውስጥ ግን እንደ እሳት ይዛመታል። መንቍራቸውን እንደ ልማድ መቍረጥ ክልክል ነው፤ ለላባቸው የሚያስፈልገውንም ሜቲዮኒን፥ በፋብሪካ የተሠራውን፥ በመኖው መጨመር አይፈቀድም። የወፍ ጉንፋን በተነሣ ጊዜም፥ በኖቬምበር 2022 በእንግሊዝ አገር እንደ ሆነው፥ የተሰማሩት ሁሉ በመንግሥት ትእዛዝ ተመልሰው ይዘጋሉ።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰዎች፦ እንግዲያስ ሽቦው ይሻላት ነበር ይላሉ። ይህ ፍርድ ግን የተቻኰለ ነው፤ ሁለቱ ጕዳቶች አንድ ዐይነት አይደሉምና። የሽቦው ጕዳት ከአሠራሩ የመጣ ስለ ሆነ ጠባቂው የቱን ያህል ቢተጋ አያስወግደውም። የመስኩ ጕዳት ግን በትጋት ይቀንሳል። ደረቅ ጉዝጓዝ የሚያነጥፍ፥ ጫጩቶቹን ከልጅነታቸው ቆጥ የሚያለምድ፥ መስኩን የሚያፈራርቅ፥ ለመጠለያ ዛፍ የሚተክል፥ ጧት ማታም በመንጋው መካከል የሚመላለስ ሰው ሞቱን ያሳንሰዋል። በሩን ከፍቶ ነጻ አወጣኋቸው ብሎ የሚተኛ ሰው ግን፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፥ የቀድሞውን ጥበቃ ያሳጣቸዋል እንጂ የአዲሱን በጎነት አያደርስላቸውም። ምሕረት በር ከከፈተ በኋላ በበሩ ቆሞ መጠበቅን ይጨምራል።

ትጋት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በኅብረቱ አገሮች በእንቍላሉ ቅርፊት ላይ ቍጥር ይታተማል፤ 0 ኦርጋኒኩን፥ 1 የሚሰማራውን፥ 2 በአዳራሽ የሚኖረውን፥ 3 ቆጥና መጣያ የተጨመረበትን የሽቦ ቤት ያመለክታል። ለልጆቹ ርካሹን የሚገዛ ድኻ አይነቀፍም፤ እርሱ ራሱ ምሕረት የሚገባው ነውና። ሊከፍል እየቻለ ርካሹን መርጦ ገበሬውን ጨካኝ እያለ የሚሰድብ ባለጸጋ ግን የራሱን ዕዳ በሌላው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ከመንጋው ፍሬ የሚበላ ሁሉ፥ ጠባቂም ሆነ ገዢ፥ እንደ አቅሙ ከሒሳቡ ድርሻ አለው።