የማን ስም ይጠራ?

ወጣቶች፣ ከነቀምትም ሆነ ከጊምቢ ነገ የፕሮጀክት ኃላፊ የምትሆኑ አላችሁ። እንግዲህ ከወዲሁ አስቡበት፤ ሥራው ሲሳካ የማን ስም ይጠራ?

እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሳ ቀድመው የሚጠሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ይገባቸዋልም። ነገር ግን እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ባይሰበስቡ ትርጉሙ በምን ይጸና ነበር? ኋላም ሁለቱ በነቀምት አስተምረዋል።

«እግዚአብሔር ያያል፤ የሰው ምስጋና ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ስለ ራሳችሁ ስትሉት ትሕትና ነው። ስለ ባልደረባችሁ ስትሉት ግን ድርሻውን መንጠቅ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ስትጽፉ ከስማችሁ በፊት አብረዋችሁ የደከሙትን ስም ጻፉ።