እስከዚያው ድረስ እንዴት ይኖራል?

በሰኔ 2017 ዓ.ም. መቀሌ ላይ አደባባይ የወጡት ተፈናቃዮች ቀዳሚ ጥያቄ የተሻለ ጣሪያ ወይም ሰፋ ያለ ክፍል አልነበረም። ወደ ቀያችን መልሱን ነው ያሉት። ይህን የሚቃወም ሰው በከተማዋ ማግኘት ይከብዳል። የሚያጨቃጭቀው ሌላ ነው፤ ሰልፈኛው ወደ መጠለያው ሲመለስ፣ የሚያፈሰው ሸራ በቆርቆሮ ይለወጥ? የአፈሩ ወለል ሊሾ ይደረግ?

የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከሁመራና ከሌሎችም አካባቢዎች የሸሹ ሰዎች የመቀሌን ትምህርት ቤቶች ሞሉ። አንድ መማሪያ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ተካፈለው። ግድግዳው በገመድ ላይ የተዘረጋ ብርድ ልብስ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው የአንዱ ቤተሰብ ራስጌ ሆነ፤ የአንዱ ልጅ ሌሊት ካለቀሰ ሁሉም ይነቃል። ከፊሎቹ በኋላ 70 ካሬ ወደተባለው መጠለያ ተዛወሩ፤ አቅም ያገኙት ደግሞ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመውና ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈናቃዮችን መመለስ አካትቷል፤ ነገር ግን የፀጥታው ሁኔታ ሲፈቅድ ብሎ ነው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ጸለምቲ የተመለሱ አሉ። ትግራይና አማራ ክልሎች የሚወዛገቡበት የሁመራ ነገር ግን በእንጥልጥል ቆየ።

የሁመራ ገበሬ መቀሌ ውስጥ ባዕድ ነው ማለት ይከብዳል። ቋንቋው፣ በዓሉ፣ ለቅሶው አንድ ነው። ሆኖም ከሰሊጥ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ወደሚያልፍ ከተማ ሲመጣ፣ ሰሊጥ መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚታጨድ የሚያውቀው ሁሉ ገበያ ያጣል። ከእሱ ብዙም በማይሰፋ ክፍል የሚኖር የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለ። ተማሪው ግን የሚመረቅበትን ዓመት ያውቃል፤ ጠባቧን ክፍል የሚታገሣትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ አንድን ኑሮ ጊዜያዊ የሚያደርገው የግድግዳው መሳሳት አይደለም፤ ማብቂያውን ኗሪው ማወቁ ነው። ገበሬው ዘንድ ጊዜያዊ የተባለው ቤቱ ብቻ ነው፤ ዕድሜው እንደማንኛውም ሰው ዕድሜ እየሄደ ነው። ቤቱ ነገ ይፈርሳል ተብሎ ሰውየው ዛሬ እርጥብ መሬት ላይ ሊተኛ አይገባም።

ለዚህ ከራሳቸው ከተፈናቃዮቹ ጠንካራ መልስ ይመጣል። ሊሾው ሲደርቅ፣ መንገዱ ሲጠረግ፣ መብራት ሲገባ ባለሥልጣኑ እፎይ ይላል። ጋዜጠኛው ፎቶ የሚያነሳው ችግር ያጣል፤ ለጋሹም ጉዳዩን ከተዘጉት ፋይሎች ጋር ያስቀምጠዋል። የሸራው ቀዳዳ ምስክር ነው፤ ምስክሩን የደፈነ ክሱን አዳክሟል።

ይህን ክርክር በተስፋ መቁረጥ የመጣ ግትርነት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ፍልስጤማውያንም ተከራክረውበታል። በቤተልሔም አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የድሄይሻ ካምፕ በድንኳን ነው የጀመረው። በ1950ዎቹ ድንኳኑ በትንንሽ የሲሚንቶ ክፍሎች ሲተካ፣ ግድግዳው የመመለስ መብታችንን ይቀብራል ብለው የሰጉ ስደተኞች ነበሩ። ስጋቱ በአንድ በኩል አልደረሰም፤ ሲሚንቶው ላይ ፎቅ የጨመሩ ቤተሰቦች የልጅ ልጆች ዛሬም አያቶቻቸው የለቀቁትን መንደር ስም ጠርተው መብታቸውን ይጠይቃሉ። ቤት መሥራት ጥያቄን አይገድልም ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። ተቃዋሚው ግን ይኸው ምሳሌ ለእኔም ይመሰክራል ይላል፦ ጥያቄው አልሞተም፣ እነሱም አልተመለሱም።

እውነቱን ነው። እነሱን ያላስመለሳቸው ሲሚንቶው ነው ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ድንኳኑ ቢቆይ ይመለሱ ነበር ብሎ ማረጋገጥም እንዲሁ። ስለዚህ ሊሾ መመለስን አይጎዳም የሚለው ሰፊ ድምዳሜ አይጸናም። የሚተርፈው ጠበብ ያለ ነው፦ ምስክር ለመሆን ብሎ በብርድ መኖር ሰው በራሱ ላይ ሊፈቅደው የሚችል መሥዋዕትነት ነው፤ ሌላው ግን በእሱ ላይ ሊፈርድበት አይችልም። በራሱ ቤት የሚያድር ፖለቲከኛ መጠለያው እንዳይታደስ መወሰን የለበትም፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሥልጣንም መጠለያው ታድሷልና ጉዳዩ አልቋል ማለት አይችልም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው፣ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የካምፓላ ስምምነትም መመለስን፣ ባሉበት መቋቋምን ወይም ሌላ ቦታ መስፈርን ተፈናቃዮቹ በነፃነትና መረጃ ኖሯቸው እንዲመርጡ ያስገድዳል።

ይህም ቢሆን ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ ይቸገራል። ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት የተወለደ ልጅ ሁመራን አያውቃትም፤ ሸራውንም አልመረጠም። አባቱ በራሱ ወገብ ላይ መፍረድ ይችላል፤ በልጁ ሳንባ ላይ መፍረድ መቻሉ ግን ያጠራጥራል። ደግሞም የሁመራን እርሻ ለልጁ ሊያወርስ የሚታገለው ያው አባት ነው፤ ሲሚንቶውን እምቢ የሚለው ልጁን ረስቶ አይደለም። በዚህ መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ከባድ ነው። ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶች ግን አባትየው እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ የሚገባበትን አንዱን ምክንያት ሊያስቀሩ ይችላሉ፦ ዕርዳታውን መቀበሉ የመመለስ መብቱንም፣ የመሬትና የንብረት ጥያቄውንም እንደማይነካ ፈርመው በእጁ መስጠት። የተፈረመ ወረቀት ስንት ጊዜ እንደተጣሰ አባትየው ያውቃል፤ ላያምናቸው ይችላል።